የአረጋውያን ማዕከሉ ደህና መሆኑን በምን አውቃለሁ? የሰሜን ሸዋ ቤተሰቦች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች

እነዚህን ጥያቄዎች የሰበሰብኳቸው ከደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ሲና፣ ከመሐል ሜዳና ከሸዋ ሮቢት ነው። እናታቸውን ወይም አባታቸውን ማዕከል ለማስገባት ያሰቡ፣ ወይም አስገብተው ልባቸው አላርፍ ያላቸው ሰዎች የጠየቁኝ ናቸው። ነርስ ነኝ። ከዚያ በላይ ደግሞ አክስቴን ማዕከል አስገብቼ፣ ማየት የነበረብኝን ሳላይ የቀረሁ ሰው ነኝ። መልሶቼ ውስጥ መጨረሻው አልጋ ላይ ስለተኛችው፣ መናገር ስለማትችለዋ ሴት ደጋግሜ የማነሳው ለዚህ ነው።

እናትን መጦሪያ ማስገባት ነውር አይደለም ወይ?

ይህን ሰው የሚጠይቀኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። «ስንት ልጅ ወልዳ ጧሪ አጣች» መባልን የማይፈራ የለም። ሕጉም ቢሆን መጦርን ለልጅ ውዴታ አልተወውም፤ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ራሳቸውን ማስተዳደር ላቃታቸው ወላጆች ልጆች ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው ደንግጓል። ነገር ግን ልጆቿ ጠዋት በር ቆልፈውባት ወጥተው ማታ የሚመለሱላትን እናት አይቻለሁ። ቀኑን ሙሉ በአንድ ኩባያ ውሃና በረጠበ ልብስ ነበር የምትውለው። ማዕከል ማስገባት የልጅን ሥራ ይለውጠዋል እንጂ አያስቀረውም። ከዚያ በኋላ ሥራዎ መሄድ፣ ማየት፣ ካስፈለገም መከራከር ነው።

ማዕከሎችን እየመዘነ ደረጃ የሚሰጥ አካል የለም?

አሜሪካ ውስጥ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለእያንዳንዱ የአረጋውያን መንከባከቢያ ከ1 እስከ 5 ኮከብ ይሰጣል። ኮከቡ የሚሰላው ከቁጥጥር ውጤት፣ ከሠራተኛ ብዛትና ከአረጋውያኑ የጤና ሁኔታ ነው። እኛ ጋ ቤተሰብ ከፍቶ የሚያየው እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ የለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል፤ የማዕከሎች ፈቃድና ክትትል ጉዳይም የሚጠየቀው ከሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች ነው። ፈቃድ ግን ቤቱ እንዲሠራ መፈቀዱን እንጂ ትናንት ማታ እናትዎ አልጋ አጠገብ ማን እንደነበረ አይነግርዎትም።

አቬዲስ ዶናቤድያን የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1966 የሕክምናን ጥራት በሦስት ነገር እንመዝን ብሎ ነበር፦ ባለው ነገር፣ በሚሠራው ሥራና በሰውየው ላይ በሚታየው ውጤት። እኛ ብዙ ጊዜ የምናየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ግቢው አበባ ተክሏል፣ ግድግዳው ቀለም ተቀብቷል፣ አልጋው አዲስ ነው። እኔ ከመጨረሻው ይጀምሩ እላለሁ። ሰውነቷን ይዩ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ ምን ልመልከት?

በፋሲካና በገና አይሂዱ። በዓል ቀን በሬ ይታረዳል፣ እንግዳ ይበዛል፣ ሁሉም ንጹሕ ልብስ ለብሶ ይውላል። አንድ ተራ ማክሰኞ፣ ሳይናገሩ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ይሂዱ። ሁለተኛውን ጉብኝት ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ያድርጉት። ማዕከሉ የመጠየቂያ ሰዓት ቢኖረው ክፋት የለውም። ቀድሞ ካልተነገረው ጨርሶ የማያስገባ ቤት ከሆነ ግን ምክንያቱን ይጠይቁ።

ምሳ ሰዓት የሚመረጠው እጃቸው የሚንቀጠቀጠውን ማን እንደሚያጎርሳቸው ስለሚታይ ነው። ሳህኑ ፊታቸው ተቀምጦ፣ ቀዝቅዞ፣ እንደተቀመጠ ይነሳል? የምታጎርሰው ልጅ ቆማ ነው ወይስ አጠገባቸው ተቀምጣ? ጉርሻው ተውጦ ሳያልቅ ሌላ ይከተላል? መዋጥ የሚያስቸግረው ሰው ቀና ብሎ ካልተቀመጠና ካልተጠበቀ ምግቡ ወደ ሳንባ ይገባል፤ በኋላ «ሳንባ ምች ያዛት» ይባላል።

ሽታን በተመለከተ ቶሎ አይፍረዱ። አንድ አልጋ አጠገብ የሽንት ሽታ ቢኖር አንድ ሰው አሁን አምልጦት ይሆናል። ኮሪደሩ፣ ፍራሹና መጋረጃው ሁሉ የሚሸት ከሆነ ግን የቆየ ነው። በረኪና ብቻ የሚሸት ቤትም እርስዎ ሊመጡ መሆኑ ተሰምቶ ሊሆን ይችላል።

አጠራሩን ይስሙ። «እማማ እገሊት» እና «አባባ» በሚባልበት ቤትና «ያቺ 7 ቁጥር» በሚባልበት ቤት መካከል ያለው ልዩነት እስከ ሽንት ቤት ድረስ ይሄዳል። ሰው ሲታጠብ በሩ ይዘጋል? የለበሱት ልብስ የራሳቸው ነው ወይስ ከክምር የተነሳ? አንዱ «ውሃ» ብሎ ሲጣራ ሰው እስኪመጣ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ሰዓትዎን ይመልከቱ።

ከዚያ ይዞዎት የሚዞረውን ኃላፊ፣ ራሷን ማንቀሳቀስ የማትችል አረጋዊት ያለችበትን ክፍል እንዲያሳይዎት ይጠይቁ። ገብተው አልጋዋን አይክፈቱ፤ ክብሯ ነው። ሰላም ይበሏት፣ ከንፈሯን፣ ጥፍሯን፣ ዓይኗን ይዩ። የደረቀ ከንፈር፣ በዓይን ጥግ የደረቀ ዓይናር፣ በጥፍር ውስጥ የቆየ እድፍ ካለ ለዚች ሴት ዛሬ ማንም አልደረሰላትም። ለቀሩት የሚስቁት ሠራተኞች ለእሷ ካልደረሱ፣ እናትዎም አንድ ቀን መናገር ስታቆም እንደዚያው ትሆናለች።

የአልጋ ቁስል ጥሩ ቤትም ይወጣል ይሉኛል። እውነት ነው?

አልፎ አልፎ። ሰውነታቸው ያለቀ፣ መብላት ያቆሙ ሰዎች ላይ የቱንም ያህል ቢደከም ሊወጣ ይችላል። አብዛኛው ግን የሚወጣው ሰው በአንድ ጎኑ ተኝቶ ስለሚረሳ ነው። በአጥንትና በፍራሽ መካከል የተጨመቀ ሥጋ ደም አይደርሰውም፣ ደም ያልደረሰው ሥጋ ደግሞ ይሞታል። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው በየ2 ሰዓቱ ገደማ ጎኑ የሚቀየረው ለዚህ ነው።

የሚያጠቃቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፦ ከወገብ በታች ከመቀመጫው ከፍ ብሎ ያለው አጥንት፣ ዳሌ፣ ተረከዝ፣ ቁርጭምጭሚት፣ ክርን፣ ትከሻና የራስ ቅል ጀርባ። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር የቀላና ሲጫኑት የማይነጣ ቆዳ ፈልጉ የሚል ነው። በኛ ቆዳ ላይ ቅላት በቀላሉ አይታይም። ስለዚህ በእጅዎ ጀርባ ይዳስሱ። ከዙሪያው ይልቅ የሞቀ ወይም የቀዘቀዘ፣ የጠጠረ ወይም እንደ ሊጥ የለሰለሰ፣ ከቀረው ቆዳ የጠቆረ፣ ሲነኩት ፊቷን የምታጨማድድበት ቦታ ካለ ቁስሉ ሳይከፈት ጀምሯል። እዚያ ላይ ቅባት ይዞ ማሸት ልማዳችን ነው፤ የተጎዳውን ሥጋ ይብስ ያደቀዋልና ይተዉት። ተረከዝ ሥር ውሃ የሞላ ጓንት ማስቀመጥም አይረዳም። ትራሱን ከባት ሥር አድርጎ ተረከዙ ምንም ሳይነካ አየር ላይ እንዲቀር ማድረግ ነው የሚሻለው።

አክስቴ የገባችበት ቤት ንጹሕ ነበር። የሱፍ ካልሲ እኔው ሠርቼ አስገባሁላት። ሦስት ጊዜ ሄጄ ካልሲዋን እግሯ ላይ አይቼ፣ ብርድ አልመታትም ብዬ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። በአራተኛው አንድ ሽታ ሸተተኝ። ካልሲው ከተረከዟ ጋር ተጣብቆ ነበር፣ በሞቀ ውሃ እያራስኩ ነው ያላቀቅኩት። ስንት ሰው እግር ያጠብኩ ነርስ የገዛ አክስቴን ካልሲ ማውለቅ አላሰብኩም። ከዚያ ወዲህ የምጠይቀውን ሰው ካልሲ ሳላወልቅ አልወጣም።

የማገላበጫ መዝገብ ካላቸው እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። የ24 ሰዓቱ ሁሉ በአንድ እስክሪብቶና በአንድ እጅ ጽሕፈት ከተሞላ፣ የተሞላው አንድ ጊዜ ተቀምጠው ነው።

ስንት ሠራተኛ ሲኖር ነው በቂ የሚባለው?

የጠቅላላ ሠራተኛውን ቁጥር አይጠይቁ፤ ዘበኛውም ወጥ ቤቷም ሾፌሩም ይቆጠራሉ። «ሌሊት ስንት ሰው ነቅቶ ያድራል?» ብለው ይጠይቁ፣ ከዚያ አብረው ያስሉ። ራሳቸውን የማያገላብጡ 10 ሰዎች ቢኖሩ በ12 ሰዓት ሌሊት እያንዳንዳቸው 6 ጊዜ፣ በጠቅላላው 60 ጊዜ መገላበጥ አለባቸው። አንዱን ማገላበጥና የረጠበውን መቀየር 5 ደቂቃ ቢፈጅ 5 ሰዓት ነው፣ ያውም ለሁለት ሰው። አንዲት ልጅ ብቻዋን የምታድርበት ቤት ይህን ልሠራው ቢልም አይችልም። ልጅቷን አይቆጧት። ስንት ወር እንደሠራችና ደመወዟ በወቅቱ ይደርሳት እንደሆነ ግን ቀስ ብለው ይጠይቋት። ሠራተኛ በየሁለት ወሩ የሚለቅበት ቤት አረጋውያኑን የሚያውቅ ሰው የለውም።

የደብረ ብርሃን ብርድስ?

ይህ የኛ አገር ጉዳይ ስለሆነ ብዙ እላለሁ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን የሌሊት ውርጭ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። መንዝማ ይብሳል። ያረጀ ሰውነት ብርዱን በደንብ አይናገርም፤ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በታች ወርዶም «አይበርደኝም» ሊል ይችላል። ፈዘዝ ያለች፣ ንግግሯ የተጎተተ፣ ሆዷ ሲነካ የሚቀዘቅዝ አረጋዊት ካለች ቶሎ ትሙቅ፣ ሐኪምም ይያት።

ከብርዱ የሚብሰው መፍትሔው ነው። ክፍል ዘግቶ ከሰል ማንደድ ይገድላል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ራስ ምታትና እንቅልፍ ያመጣል፣ የተኛ አረጋዊ ደግሞ አይነቃም። ጠዋት «በሰላም አረፉ» ይባላል። ስለዚህ ሌሊት ክፍሉ በምን እንደሚሞቅ ሳይጠይቁ አይውጡ። ጥሩው መልስ ደርበው የለበሱት ልብስ፣ ብርድ ልብስ፣ የመንዝ ባና፣ የተደፈነ የመስኮት ክፍተትና ትኩስ አጥሚት ነው። ፍል ውሃ የሞላ ፕላስቲክ እግር ሥር የሚያስቀምጡም አሉ። የስኳር ሕመም እግሩን ያደነዘዘው ሰው ሲቃጠል አይሰማውም፣ ስለዚህ ይህንንም ይጠይቁ።

ሸዋ ሮቢትና ቆላው ላይ ጥያቄው ይገለበጣል፦ አጎበር አለ ወይ፣ ውሃ በየስንት ሰዓቱ ይሰጣል፣ ትኩሳት የያዘው ሰው የወባ ምርመራ በዚያው ቀን ያገኛል ወይ?

በደንብ መብላቷን በምን አውቃለሁ?

በሚዛን። በየወሩ መመዘንና መጻፍ አለባት። በአንድ ወር ውስጥ ከክብደቷ 5 በመቶ፣ ወይም በስድስት ወር 10 በመቶ ከቀነሰች ሐኪም ምክንያቱን መፈለግ አለበት። 50 ኪሎ ለነበረች ሴት ይህ በወር 2 ኪሎ ተኩል ነው። ሚዛን ከሌለ መቀነቷ ይነግርዎታል፤ አምና ሁለት ዙር የሚዞረው ዘንድሮ ሦስት ከዞረ መልሱ ያ ነው። ጥርስ ለሌለው ሰው ደረቅ እንጀራና ቆሎ ምግብ አይደለም፤ በሶው በደንብ ተበጥብጦ፣ ፍትፍቱ ረጥቦ፣ ገንፎው ለስልሶ ይምጣ።

ውሃን ልዩ ትኩረት ይስጡት። ሲያረጁ ጥም ይጠፋል። «አልጠማኝም» ማለት ውሃ አይጎድላትም ማለት አይደለም። የልብ ወይም የኩላሊት ሐኪም ካልከለከለ በቀን ከ6 እስከ 8 ኩባያ ፈሳሽ ይበቃታል። ሽንት እንዳይበዛ ብለው ውሃ የሚቀንሱ ቤቶች አሉ፤ ይህ ሥራ ለመቀነስ ሰው ማድረቅ ነው። ትናንት ደህና የነበረች ሴት ዛሬ ድንገት ብትዘባርቅ «እርጅና ነው» አይበሉ። የውሃ እጥረት ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ይታከማሉ።

እናቴ ጾም አትፈታም። ማዕከሉ ምን ማድረግ አለበት?

ማስገደድ የለበትም፤ የንስሐ አባቷን መጥራት ግን አለበት። ብዙ አባቶች ለታመመና ለደከመ ሰው ጾሙን እንደሚያቀሉለት አይቻለሁ፣ ከልጅ ቃል ይልቅ የእሳቸው ቃል ይሰማል። የሚያሰጋኝ የስኳር መድኃኒት ነው። ጠዋት ግሊቤንክላማይድ ውጣ እስከ 9 ሰዓት ምንም ያልቀመሰች አረጋዊት ስኳሯ ወርዶ ልትወድቅ ትችላለች። የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን ጾም ከመግባቱ በፊት ከሐኪም ጋር ይስተካከል። ሙስሊም አረጋውያን ባሉበት ቤትም እንዲሁ፦ የረመዳን መድኃኒት አስቀድሞ ይታሰብበት፣ ሥጋው ሐላል ይሁን፣ ለውዱእ ለብ ያለ ውሃ ይቅረብ። ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ጻድቃኔ ማርያም ጸበል መሄድ የፈለገችም መድኃኒቷን ይዛ ትሂድ።

መድኃኒቷን በትክክል እንደሚሰጧት እንዴት ልመን?

መድኃኒቱ የእሷ ስም በተጻፈበት ዕቃ ውስጥ ነው ወይስ የሁሉም ተቀላቅሎ በአንድ ጆንያ? በእርዳታ የመጣ ከሆነ ቀኑ ያላለፈበት ነው? ኢንሱሊን ካለ መብራት ሲጠፋ የት ይቀመጣል? ፍሬዎቹን ቆጥረው፣ ሲመለሱ እንደገና ቢቆጥሩ የሚከፋው ሰው ሊኖር አይገባም።

እናትዎ በሄዱ ቁጥር ተኝታ ካገኟት ይጠይቁ። ሌሊት የሚጮሁ አረጋውያንን ለማስተኛት ዲያዜፓምን የመሰለ መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥባቸው ቤቶች አጋጥመውኛል። መድኃኒቱ እግር ያሳስራል፣ ይጥላል፣ የዳሌ አጥንት ያሰብራል። አልጋ ላይ በነጠላ ማሰርም ያው ነው።

ስትታመም ማን ያስታምማታል?

ሆስፒታላችን አስታማሚ ይፈልጋል፤ ሐኪም ያዘዘውን የሚገዛ፣ የሚያገላብጥ፣ ምግብ የሚያቀርብ ሰው። ማዕከሉ ሰው ይልካል ወይስ ለእርስዎ ደውሎ ይጠብቃል? የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን መታወቂያዋ ታድሷል? ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መኪና ከየት ይመጣል? ይህን ገና ሲያስገቧት በጽሑፍ ይጨርሱ።

እናቴ ትረሳለች። «ይመቱኛል» ብትለኝ ላምናት?

ሰምተው ይፈትሹ። የሚረሳ ሰው ስም ያሳስታል፣ ቀን ያሳስታል፤ ፍርሃትን ግን ብዙ ጊዜ አያሳስትም። አንዲት ሠራተኛ ስትገባ ትከሻዋን ከሰበሰበች ያ ምስክርነት ነው። በክንዷ ውስጠኛ በኩል የጣት ቅርጽ ያለው ሰንበር፣ በሁለቱም የእጅ አንጓ ላይ እኩል የሆነ ጠባሳ፣ በየጊዜው የሚለዋወጥ «ወድቃ ነው» የሚል መልስ ካለ ሐኪም ዘንድ ወስደው በጽሑፍ ያስመዝግቡ። በሌላ በኩል «አልበላሁም» የምትል እናት ገና አሁን በልታ ረስታውም ይሆናል፤ ለዚህ ሚዛኑ አለ።

ማዕከሉ በነፃ ነው የሚጦራት። ምን አፍ ኖሮኝ እወቅሳለሁ?

ብዙዎቹ ቤቶች የሚኖሩት በበጎ ፈቃድ ነው፤ በአዲስ አበባ መቄዶንያን የመሰሉ ከጎዳና አንስተው ስንቱን ያኖሩ ማዕከላት ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር? ምስጋና ይገባቸዋል። ምስጋናው ግን ካልሲ ከማውለቅ አይከለክልም። በነፃ የሚጦር ሰው ተረከዙ በነፃ መበስበስ የለበትም። ዳይፐር፣ ሳሙና፣ አንሶላ ይዘው ይሂዱ፤ አንድ ቀን ያጥቡ፣ ያጉርሱ። እየሠራ የሚጠይቅ ሰው ይሰማል፣ የተደበቀውንም ያያል። የሚከፈልበት ቤትም ቢሆን ዋጋው ጥራቱን አይነግርዎትም፤ ክፍያው ዳይፐርና መድኃኒትን ይጨምር እንደሆነ ብቻ አስቀድመው ይጠይቁ።

አረብ አገር ነው ያለሁት። እንዴት ልከታተል?

በቪዲዮ ሲደውሉ ፊቷን ብቻ አያሳዩዎት። «እማዬ ተነሺ እስቲ፣ ሁለት እርምጃ ሂጂ» ይበሏት። ስልኩን የያዘችውን ልጅ ካልሲዋን እንድታወልቅና ተረከዟን እንድታሳይዎት በአክብሮት ይለምኗት። የሚልኩትን ገንዘብ ለማን እንደሚሰጡ በደረሰኝ ይያዙ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን እድሯ ነው። እድራችን የሚነቃው ሰው ሲሞት ነው። በየአስራ አምስት ቀኑ ሁለት ሰው ተራ ገብቶ በቁም ያለችውን አባል እንዲጠይቅ ቢወሰን ምን ይከብዳል? አንድ ሁለት እድሮች ይህን እንዲያደርጉ ለምኜ እሺ ብለውኛል፤ የጽዋ ማኅበርና የሰንበቴ አባላትም ይችላሉ።

ጥፋት ባይ ወዴት ልሂድ?

መጀመሪያ ለማዕከሉ ኃላፊ፣ በጽሑፍ፣ ቀኑ ተጠቅሶ። ካልተስተካከለ ለወረዳው ወይም ለከተማው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት። ድብደባ፣ የወሲብ ጥቃት ወይም የንብረት ዝርፊያ ከሆነ በቀጥታ ለፖሊስ፣ የሐኪም ማስረጃ ይዘው። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም የአረጋውያንን አቤቱታ ይቀበላል። እናትዎ እዚያው እየኖረች ስለሆነ ከአቤቱታው በኋላ ጉብኝትዎን ያብዙ፤ በቀል የሚፈጸመው ጠያቂ በጠፋበት ሳምንት ነው።

እኛ ወረዳ ማዕከል የለም። ሠራተኛ ቀጥረን እቤት ብናስጦራትስ?

ጥያቄዎቹ አይለወጡም። ሌሊት ማን ይነሳላታል፣ ክፍሉ በምን ይሞቃል፣ ክብደቷ ስንት ነው፣ መድኃኒቷን ማን ይቆጥራል? አንዲት የ17 ዓመት ልጅ ቤቱንም ልጆቹንም እናትዎንም ብቻዋን ልትይዝ አትችልም፤ ቢያንስ ሌሊቱን እርስዎ ይውሰዱ። ማታ ሲገቡ ራቱን ከመጠየቅዎ በፊት ወደ አልጋዋ ይሂዱ፣ ለብ ያለ ውሃ በገበቴ ይያዙና እግሯን ይጠቡ። ጣቶቿ መሃል ድረስ፣ ተረከዟንም አዙረው።